ስለ ካፓሲተር ጠባይ፣ ሕመምና ፈውስ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሓ ወርዶና ወጥቶ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው ታላቁ ጎዳና ደንበጫንና ጅጋን ካለፈ በኋላ የሚያገኛት የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ፍኖተ ሰላም፣ ከእርሷም ማንኩሳን ተሻግሮ የሚደርስባት ቡሬ፣ በበቆሎና በበርበሬ ምርታቸው የታወቁ ከተሞች ናቸው። ዳሩ ግን ዛሬ በእነዚህ ከተሞች የመንግሥቱ ጽሕፈት ቤትም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ማመልከቻ የሚጻፍበትና ፎቶ ኮፒ የሚደረግበት ትንሹ ሱቅም የዕለት ሥራውን የሚያከናውነው በኮምፒዩተር በመሆኑ፣ ከገጠር ቀበሌ ማልዶ የተነሣ ገበሬ የመሬት ክርክሩን ማመልከቻ አስጽፎ ሳይመሽበት ወደ ቀየው ለመመለስ መቻሉ፣ እርሱ ራሱ ባያውቀውም፣ በአንዲት ሣጥን ውስጥ ተሰልፈው በቆሙ፣ የጣት ጫፍ በሚያህሉ የአሉሚኒየም በርሜሎች ጤንነት ላይ የተመሠረተ ሆኗል። እነዚህ ትንንሽ በርሜሎች ካፓሲተር ይባላሉ።

አሮጌ ኮምፒዩተር ስትታመም የመጀመሪያው ወቀሳ የሚያርፈው በማይዳሰሰው ክፍሏ፣ በሶፍትዌሯ ላይ ነው። በሥራ መካከል ድንገት ጠፍታ ራሷን መልሳ ብታስነሣ፣ ወይም ሰማያዊ ገጽ አሳይታ ብትደርቅ፣ «ቫይረስ ገብቷታል» ይባልና ፎርማት ተደርጋ ዊንዶስ እንደ አዲስ ይጫንባታል፤ ጥቂት ቀን ደኅና መስላ ትሠራና ሕመሙ ያገረሽባታል፤ ዳግመኛ ፎርማት ትደረጋለች። እንዲህ ሲሆን የባለቤቷ ደብዳቤና መዝገብ በየጊዜው እየጠፋ፣ ገንዘቡም በከንቱ እየባከነ ይቆይና በመጨረሻው «አርጅታለች፣ አይሆንላትም» ተብሎ ወደ ጓዳ ትጣላለች። ይህን ሐተታ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይኸው የፍርድ መጓደል ነው፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከተሠሩት መካከል ያለጊዜያቸው የተጣሉ ብዙዎቹ ሕመማቸው ለሚመለከት ዓይን የተገለጠ፣ መድኃኒቱም በጥቂት ብር የሚገኝ ነበርና፤ የጎደላቸው አስተውሎ የሚመረምር ሰው ብቻ ነው።

ካፓሲተር የኤሌክትሪክን ኀይል ለቅጽበት ተቀብሎ የሚያቆይና በተፈለገ ጊዜ መልሶ የሚሰጥ ዕቃ ነው። ጥንተ ነገሩ ሩቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1745 ጀርመናዊው ኤዋልድ ፎን ክላይስት፣ በተከታዩም ዓመት በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ መምህር የነበረው ፒተር ፋን ሙሸንብሩክ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ ፈሳሽ በያዘ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ የኤሌክትሪክን ኀይል ማጠራቀም እንደሚቻል ተረዱ፤ የተጠራቀመውም ኀይል የነካውን ሰው መላ አካላት የሚያንቀጠቅጥ ስለ ነበረ፣ ነገሩ በዘመኑ ሊቃውንት ዘንድ አድናቆትንም ፍርሃትንም አሳደረ። ማዘርቦርድ በሚባለው የኮምፒዩተር ዋና ሰሌዳ ላይ ቆሞ የምናየው ዓይነት ግን ከዚያ ከጥንቱ ዕቃ በብዙ የራቀ ነው፤ የተገኘውም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፖላንዳዊው መሐንዲስ ካሮል ፖላክ፣ አሉሚኒየም በተመረጠ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በገጹ ላይ እጅግ ስስ የሆነ የኦክሳይድ ልባስ እንደሚያበቅል፣ ይህም ልባስ የኤሌክትሪክን መተላለፍ እንደሚከለክል አስተውሎ ነው።

ከእነዚህ በርሜሎች አንዱን ሰንጥቆ የሚመለከት ሰው፣ ሁለት ረዣዥም የአሉሚኒየም ቅጠሎች፣ በመካከላቸው ፈሳሽ የጠጣ ወረቀት ገብቶ፣ አንድነት ተጠቅልለው ያገኛል። አንደኛው ቅጠል ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ እጅግ በሚያንስ የኦክሳይድ ልባስ የተሸፈነ ነው፤ ኀይሉ የሚጠራቀመውም በዚህ ልባስ ወዲህና ወዲያ ነው። ፈሳሹ የኤሌክትሪኩ መተላለፊያ ከመሆኑም ሌላ ልባሱ በተጎዳ ጊዜ እንደገና እንዲበቅል የሚያደርግ ጠጋኝ ስለ ሆነ፣ የካፓሲተሩ ሕይወት በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በርሜሉ ከታች በጎማ ይታተማል፤ ሁለቱ እግሮቹም በጎማው ሾልከው ይወጣሉ። በአናቱ ላይ የመስቀል ወይም የኬ ፊደል ቅርጽ ያለው ጭረት አለ፤ ይህ ጭረት ለጌጥ የተደረገ ሳይሆን፣ በውስጡ ጋዝ በበዛ ጊዜ በርሜሉ ፈንድቶ አደጋ እንዳያደርስ በዚያ በኩል ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ የተሠራ ነው። ልባሱ በአንድ ወገን ብቻ በመሆኑ ካፓሲተሩ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አለው፤ ተገልብጦ ቢገጠም ልባሱ ይፈርሳል፣ ይሞቃል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ይፈነዳልም።

የማዘርቦርድ ትልቁ ችግር ይህ ነው፦ ኀይል አቅራቢው ፓወር ሰፕላይ 12 ቮልት ሲልክ፣ ስሌቱን ሁሉ የሚሠራው ፕሮሰሰር የሚሻው ከ1 ቮልት ብዙም ያልበለጠ ነው፤ በአንጻሩ የሚጠጣው ካረንት ብዙ ነው፤ ለምሳሌ ፔንቲየም 4 የሚባለው ፕሮሰሰር በብርቱ ሥራ ላይ ሳለ ከ50 አምፔር የበለጠ ይፈልግ ነበር። ስለዚህ በፕሮሰሰሩ ዙሪያ የተደረደሩት ትራንዚስተሮች 12ቱን ቮልት በሰከንድ ብዙ መቶ ሺህ ጊዜ እየከፈቱና እየዘጉ በትንንሹ ይለቁታል። በጎጃም ባላገር ቤት ከምንጭ በእንስራ እየተቀዳ በጋን የሚጠራቀመው ውኃ፣ ወደ ጋኑ የሚገባው በየእንስራው እየተቆራረጠ ቢሆንም፣ ከጋኑ እየተጠለቀ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ሳይቋረጥ እንደሚዳረስ፣ ካፓሲተሮቹም ያንን የተቆራረጠ ኀይል ተቀብለው ለፕሮሰሰሩ ለስላሳና የማይዋዥቅ አድርገው ያቀርቡለታል። ካፓሲተሩ ሲደክም ቮልቱ መዋዠቅ ይጀምራል፤ ፕሮሰሰሩም በሚሊዮን ከሚቆጠረው ስሌቱ አንዱን ይስታል፤ ማሽኗ የምትጠፋው፣ የምትደርቀው፣ ዊንዶስ ሲጫንባት በመካከል «ፋይሉ አልተነበበም» የምትለው በዚህ ምክንያት ነው። በሶፍትዌር የሚመካኘው ሕመም ብዙ ጊዜ ምንጩ እዚህ ነው።

የካፓሲተር ዋነኛ ጠላቱ ሙቀት ነው። በዚህ ሙያ የታወቀ አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፣ በ10 ዲግሪ ሲቀንስም እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። በ105 ዲግሪ ሙቀት 2000 ሰዓት ይሠራል ተብሎ የተጻፈበት ካፓሲተር፣ በ65 ዲግሪ ቢውል 32000 ሰዓት ያገለግላል፤ በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን በሚሠራ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ይህ ከ13 ዓመት በላይ ነው። ያው ካፓሲተር አቧራ በታፈነበት ሣጥን ውስጥ በ85 ዲግሪ ቢውል ግን 8000 ሰዓት ብቻ፣ ማለትም ከሦስት ዓመት ጥቂት የሚበልጥ ዕድሜ ይቀረዋል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ አየር ከቆላ አየር የቀዘቀዘ በመሆኑ ይህ ለማሽኖቹ በጎ ነገር ነው፤ ነገር ግን አገሩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር ወደ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የሳሳ አየርም ሙቀትን ተሸክሞ የመውሰድ ኀይሉ ያነሰ ነውና ፋኑ በዚህ አገር የሚያቀዘቅዘው የሠሪው ፋብሪካ ከገመተው ባነሰ መጠን ነው። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ በፋኑና በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ሲደለደል፣ በዙሪያው የቆሙት ካፓሲተሮች ሌት ተቀን በትኩስ አየር ይጠበሳሉ። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ አንድ ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባ ደግሞ አንድ ጊዜ ሣጥኑን ከፍቶ በብሩሽና በመንፊያ ማጽዳት፣ ከማንኛውም ጥገና ቀድሞ የሚመጣ ጥገና ነው።

ከሙቀቱ ሌላ ደግሞ በታሪክ የታወቀ አንድ መቅሠፍት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2007 ባሉት ዓመታት ገደማ፣ በተለይ በታይዋን ከተሠሩት ካፓሲተሮች ብዙዎቹ ፈሳሻቸው በሚገባ ያልተቀመመ ስለ ነበረ፣ በፈሳሹ ያለው ውኃ አሉሚኒየሙን እየበላ ሃይድሮጅን የሚባለውን ጋዝ ያፈልቅ ነበር፤ በርሜሎቹም ገና በሁለትና በሦስት ዓመታቸው አናታቸው እያበጠ ይተነፍሱ ጀመር። ችግሩ ግን የታይዋን ሠሪዎች ብቻ አልነበረም፤ ዴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦፕቲፕሌክስ በሚለው ስም ያወጣቸው ጂኤክስ270ና ጂኤክስ280 የተባሉት ኮምፒዩተሮች የታመሙት፣ በሙያው እጅግ በተከበረው በጃፓናዊው ኒቺኮን ካፓሲተሮች ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2003 እስከ ሐምሌ 2005 የሸጣቸው የኦፕቲፕሌክስ ኮምፒዩተሮች 11.8 ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ፣ የታመሙትን ለመጠገንና ለመለወጥ በ2005 ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር መመደብ ግድ ሆነበት። አፕልም አይማክ ጂ5 በተባለው ማሽኑ ላይ በዚያው ዘመን ተመሳሳይ መከራ ደርሶበታል። በአገራችን ወረዳዎችንና ትምህርት ቤቶችን በመረብ የሚያገናኘው የወረዳ ኔትና የስኩል ኔት ሥራ ተጀምሮ ኮምፒዩተር ከዋና ከተማ ወጥቶ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤትና ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መዝለቅ የጀመረው በዚሁ በመቅሠፍቱ ዘመን፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ መሆኑ ይታወሳል። እንግዲህ የዚያ ዘመን ማሽን አብጦ የተገኘ እንደ ሆነ፣ «በአያያዝ ጉድለት ነው» ተብሎ ጸሓፊዋ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሊወቀሱበት አይገባም።

ወደ ምርመራው ስንመጣ፣ በእኔ አስተያየት ከመበየጃው ካውያ ይልቅ ጥያቄው ይቀድማል። አንዲት ጸሓፊ «ወንድምዓለም፣ ጧት ጧት እንቢ ትለኛለች፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ካስነሣኋት በኋላ ግን አንዴ ከሞቀች ቀኑን ሙሉ ትሠራልኛለች» ብላ ብትነግረው፣ አስተዋይ ባለሙያ ከዚህ ቃል ብቻ የሕመሙን ግማሽ ያነባል። ፈሳሹ የደረቀ ካፓሲተር በኅዳርና በታኅሣሥ የጧት ብርድ የውስጥ ተቃውሞው፣ ባለሙያዎች ኢ ኤስ አር የሚሉት፣ ይንርበታል፤ ሲሞቅ ይቀንስለታልና ማሽኗ የምትነሣው ለዚህ ነው። በአንጻሩ ስትነሣ ደኅና ሆና ከሞቀች በኋላ የምትጠፋ ማሽን የፋን፣ የአቧራ፣ ወይም በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የደረቀ ቅባት ታማሚ ልትሆን ትችላለችና፣ ካፓሲተር ከመንቀሉ በፊት ያንን መመርመር ይገባል። ሕመሙ እየከፋ ከሄደ፣ ማለትም አምና በወር አንድ ጊዜ ትጠፋ የነበረች ዘንድሮ በቀን ሦስት ጊዜ የምትጠፋ ከሆነ፣ ይህም የካፓሲተር ጠባይ ነው፤ ቫይረስ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ከወቅቱ ብርድና ሙቀት ጋር አይሄድምና።

ከዚህ በኋላ መሰኪያው ይነቀላል፤ ማስነሻው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ በውስጥ የቀረው ኀይል እንዲፈስ ይደረጋል፤ ሣጥኑም ይከፈታል። መብራት በጎን በኩል ተይዞ እያንዳንዱ ካፓሲተር በአናቱ ይታያል። ጤነኛ አናት ፍጹም ለጥ ያለ ነው፤ ጣት ሲያልፍበት ጉብታ ያለው፣ ጥቂትም ቢሆን፣ የሞተ ነው፤ «ገና ትንሽ ነው ያበጠው» የሚባል ነገር የለም። በጭረቱ ላይ ቡናማ ወይም ነጣ ያለ ቅርፊት ከታየ ፈሳሹ ወጥቷል ማለት ነው። አንዳንዱ በአናቱ ሳይሆን በታች ይታመማል፤ ጋዙ የእግሩን ጎማ ገፍቶ በርሜሉን ከቦርዱ ከፍ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ዘመም ብሎ የቆመ ካፓሲተር ሲገኝ ታች ታቹን መመልከት ያሻል። እዚህ ላይ ጀማሪዎች የሚሳሳቱበት አንድ ነገር አለ፤ ፋብሪካው ራሱ ትላልቆቹን ካፓሲተሮች ለማጽናት በእግራቸው ሥር ሙጫ የሚያፈስበት ጊዜ ስላለ፣ ያንን አይቶ ፈሰሰ ማለት አይገባም፤ ሙጫ ደረቅና ወጥ ነው፣ የወጣ ፈሳሽ ግን የመዳቡን መስመር ያጠቁራል ወይም ያዝጋል።

ሁሉም የሞተ ግን አያብጥም፤ ለዚህ መለኪያ ያስፈልጋል። አስቀድሞ ከሌላ ጤነኛ ማሽን ፓወር ሰፕላይ ተውሶ መሞከር ነው፤ ሕመሙ ከጠፋ ማዘርቦርዱ ንጹሕ ነው። ቀጥሎ በቴስተር ቮልቱን መለካት ይቻላል፤ የተፈቀደው ልዩነት ከመቶ አምስት ስለ ሆነ፣ 12 ቮልቱ ከ11.4 በታች ወይም ከ12.6 በላይ፣ 5 ቮልቱም ከ4.75 በታች ወይም ከ5.25 በላይ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን ቴስተር አማካዩን ብቻ የሚናገር ዘገምተኛ መሣሪያ ነውና፣ ቮልቱ በቅጽበት ውስጥ ሲዋዥቅ «ሁሉ ደኅና ነው» ሊል ይችላል፤ ያንን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ የሚባለው መሣሪያ ነው። በጥገና ቤት ሊገኝ የሚገባው የኢ ኤስ አር መለኪያ ነው። ይህን የምለው የካፓሲተርን የመያዝ መጠን ብቻ የሚለካ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ስለሚያሳስት ነው፤ 1500 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት ካፓሲተር 1400 ለክቶ ጤነኛ መስሎ ሳለ፣ የውስጥ ተቃውሞው ከልኩ አልፎ ለፕሮሰሰሩ የማይጠቅም ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ካፓሲተሮቹ በቦርዱ ላይ ሳሉ እርስ በርስ የተያያዙ በመሆናቸው አንዱን ሲለኩ ጎረቤቱም አብሮ ይለካልና፣ የተጠረጠረውን ነቅሎ ለብቻው መለካት የታመነ ነው። ከአንድ ሠሪና ከአንድ መጠን ከሆኑት አንዱ ከሞተ፣ ባልንጀሮቹ ገና ለጥ ያለ አናት ቢኖራቸውም ሁሉም ሊለወጡ ይገባል፤ በአንድ ዘመን ተሠርተው በአንድ ሙቀት ኖረዋልና ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ምትኩን መምረጥ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ብዙ ጊዜ የሚገኙት 6.3 ቮልት ሆነው 1500 ወይም 3300 ማይክሮፋራድ የሚይዙ፣ በመግቢያው በኩል ደግሞ 16 ቮልት የተጻፈባቸው ናቸው። የምትኩ ቮልት ከአሮጌው እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፣ ከቶ አይነስ፤ የመያዝ መጠኑ እኩል ወይም እስከ ከመቶ ሃያ የሚበልጥ ይሁን፤ 105 ዲግሪ የተጻፈበትና ኢ ኤስ አሩ ዝቅተኛ ለሆነ ሥራ የተዘጋጀ ይሁን። ከአሮጌ ሬዲዮና አምፕሊፋየር የተነቀለ 85 ዲግሪ የተጻፈበት ተራ ካፓሲተር ልኩ ቢገጥምና ማሽኗም ብትነሣ፣ ብዙ ሳይቆይ ይሞታል፤ ባለሙያውንም በደንበኛው ፊት ሐሰተኛ ያደርገዋል። ስፋቱም ይለካ፤ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር የሆነው ከፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ሥር መግባት አለበትና። እንዲህ ያለው ዕቃ ለፍኖተ ሰላም ሰው ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ መርካቶ የሚመጣ በመሆኑ፣ ከሞተ ማዘርቦርድ ነቅሎ መጠቀም ይለመዳል፤ ይህን አልነቅፍም፤ ነገር ግን የተነቀለው በኢ ኤስ አር መለኪያ ሳይፈተን ወደ ሌላ ማሽን ባይገባ መልካም ነው። ፈሳሽ የሌለባቸው፣ ፖሊመር የሚባሉት ደረቅ ካፓሲተሮች ከተገኙ ከሁሉ ይበልጣሉ፤ የሚደርቅ ፈሳሽ የላቸውምና።

አሁን ወደ ካውያው ደረስን። ማዘርቦርዱ ከሣጥኑ ወጥቶ በደረቅ እንጨት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ አንድም ካፓሲተር ሳይነቀል በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ የኔጋቲቩ መስመር ያለበት ወገንም በወረቀት ይጻፋል። በቦርዱ ላይ የታተመውን ምልክት ብቻ ማመን አይበቃም፤ በብዙዎቹ ቦርዶች በነጭ ቀለም የተሞላው ግማሽ ክብ ኔጋቲቩን ሲያመለክት፣ በአንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ በአሱስ ሥራዎች በከፊሎቹ፣ ፖዘቲቩን የሚያመለክትበት ጊዜ አለ፤ የታመነው ምስክር በቦታው ያለው አሮጌው ካፓሲተር ነው።

ማዘርቦርድ እንደ ሬዲዮ ቦርድ አንድ ንብር አይደለም፤ አራት፣ ስድስትም ንብር መዳብ በውስጡ አለው፤ ያ ሁሉ መዳብ የካውያውን ሙቀት ጠጥቶ ይወስደዋል። ለሬዲዮ የሚበቃው 30 ዋት ካውያ እዚህ እርሳሱን ሳያቀልጥ ቦርዱን ያቃጥላል፤ 60 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ጫፉ ሰፋ ያለ፣ ሙቀቱም ከ350 እስከ 400 ዲግሪ የሚስተካከል ካውያ ያሻል። ትልቁ ምሥጢር በአሮጌው ብየዳ ላይ አዲስ እርሳስ መጨመር ነው፤ ከቆርቆሮ 63፣ ከእርሳስ 37 እጅ የተቀላቀለው በ183 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ የአውሮፓ ሕግ ከሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ እርሳስን ከከለከለ በኋላ በተሠሩት ቦርዶች ላይ ያለው ግን 217 ዲግሪ ያህል ይፈልጋል፤ ሁለቱ ሲዋሐዱ ደረቁ ብየዳ ይለዝባል። ከዚያ አንዱ እግር ይሞቃል፣ በርሜሉ በዝግታ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ይደረጋል፤ ሁለተኛው ይሞቃል፣ ወደ ሌላው ወገን ዘንበል ይላል፤ እንዲህ እያለ ሳይገደድ ይወጣል። ጎትቶ መንቀል ግን የማይመለስ ጥፋት ነው፤ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ የተለበጠው መዳብ የውስጡን ንብሮች የሚያያይዝ ድልድይ ነውና፣ ከእግሩ ጋር ተቀድዶ ከወጣ ቦርዱ ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ ሆኖ ከውስጡ የተቆረጠ ይሆናል። በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋ፣ ካውያው እየቀዘቀዘ ሳለ «ይህችን አንዲት ብቻ ልጨርስ» ማለት አይገባም፤ ብዙ ቦርድ የሚሞተው በዚያች ደቂቃ ነው።

በቀዳዳው የቀረው እርሳስ እየሞቀ በመምጠጫ ይሳባል፤ መምጠጫ ከሌለ እርሳስ የማይዘው የጥርስ መፈልፈያ እንጨት ወይም የማይዝግ መርፌ በሌላው ወገን ሆኖ ይወጋበታል፤ በድሪል መብሳት ግን የተለበጠውን መዳብ ይበላዋል። አዲሱ ካፓሲተር ኔጋቲቩ በቦታው ሆኖ ይገባል፣ ይበየዳል፣ እግሩም ይቆረጣል። ለብየዳ ማገዣ የሚገባው የፍላክስና የአሮጌው ፈሳሽ ዝቃጭ መዳቡን እያዛገ ስለሚኖር በንጹሕ አልኮልና በጥርስ ብሩሽ ይታጠባል፤ የጎጃም አረቄ ምንም ቢበረታ ውኃ ስላለበት ለዚህ አይሆንም።

ስትነሣ ሁሉ ነገር አይጫንባትም። ፕሮሰሰሩ፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ሆነው ትሞከራለች፤ ሃርድ ዲስኩ መጨረሻ ይገጠማል፤ ቮልቱ ገና ያልተረጋጋ ቦርድ የደንበኛውን መዝገብ ሊያበላሽ ይችላልና። በመጀመሪያው ደቂቃ ፊትን ከቦርዱ ማራቅ ይገባል፤ ተገልብጦ የገባ ካፓሲተር ካለ የሚፈነዳው ያን ጊዜ ነውና። ወዲያው አጥፍቶ መሰኪያውን ነቅሎ እያንዳንዱን በጣት መንካት መልካም ነው፤ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ የጋለ ካለ ተገልብጧል ወይም ሐሰተኛ ዕቃ ነው። ይህን ካለፈች ሜምቴስት የሚባለው የማስታወሻ መፈተኛ ሌሊቱን ሲመላለስባት ያድራል፤ በማግስቱም ሌሊት ጠፍታ አድራ ጧት በብርዱ ትነሣለች፤ በፊት እንቢ ትል የነበረው በዚያ ሰዓት ነውና።

የዚህ ፈውስ ወሰን አለው። የወጣው ፈሳሽ መስመሩን ቆርጦ ከሆነ፣ ወይም ካፓሲተሩ ሲሞት ትራንዚስተሩንና ፕሮሰሰሩን ይዞ ከሞተ፣ ካውያ አያነሣትም። በፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ የመስመራችን 220 ቮልት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲቀና ከ300 ቮልት በላይ ሆኖ በእርሱ ስለሚጠራቀም፣ መሰኪያው ከተነቀለ በኋላ እንኳ ሰውን ሊገድል ይችላል፤ ሥራውን በሚገባ ያልተማረ አይክፈተው። ደረቅ ካፓሲተር ብቻ በተተከለባቸው በኋለኛው ዘመን ማዘርቦርዶች ላይም ያበጠ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው፤ የእነርሱ ሕመም ሌላ ነው። የተነቀለውን በየሜዳው መጣል፣ ይልቁንም ቦርድን ማቃጠል፣ እርሳሱን ወደ አፈርና ወደ ውኃ ያደርሰዋል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ባወጣው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ደንብ ቁጥር 425 የእንዲህ ያለውን ዕቃ አያያዝና አወጋገድ ወስኗል። በእርሳስ የሠራም እጁን ሳይታጠብ ወደ እንጀራ አይቅረብ።

በአገራችን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች «ሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪሲንግ» በሚባለው ክፍል የሚማሩት ልጆች ማሽን መገጣጠምና ኔትወርክ መዘርጋት ይማራሉ፤ ካውያ ግን በእጃቸው የሚቆየው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት የተከመሩት፣ ተመርምረው በእርግጥ የማይድኑ መሆናቸው የታወቀላቸው ማዘርቦርዶች፣ በሕጉ መሠረት ከንብረት መዝገብ እየተሰረዙ ለእነዚህ ልጆች መለማመጃ ይሰጡ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ቀዳዳ ሳይቀድ ደርዘን ካፓሲተር እስኪነቅልና መልሶ እስኪተክል ድረስ በሞተው ቦርድ ላይ እጁን ያፍታታ፤ ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ ያለ ማዘርቦርድ ይሰጠው።